ትሉ ይፈውሳል ወይ? ከጅማ እስከ ጅሊብ

ወደ ኩዌት ለቤት ሥራ የምትሄድ ወጣት ከአገር ከመውጣቷ በፊት የባሕረ ሰላጤው መንግሥታት እውቅና በሰጡት ክሊኒክ ትመረመራለች። ደም፣ ራጅ፣ ሽንት፣ ሰገራ። የሰገራው ቅጽ ላይ የአንጀት ትል አለ ወይስ የለም የሚል መስመር አለ። በሌላው የዓለም ጫፍ ግን፣ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ስንዴ መብላት የማይችሉ ሰዎች ያንኑ ትል በገዛ ፈቃዳቸው ተቀብለዋል፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ውሉን ፈርመው። እዚህ በር ላይ የሚያስጠይቀው ነገር እዚያ በመድኃኒትነት ሲሞከር ሃያ ዓመት አልፎታል። ሙከራው የት ደረሰ? ከኢትዮጵያ ምን ወሰደ? ጅሊብ ለሚኖር ወገናችንስ ምን ፋይዳ አለው? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጅሊብ አል ሹዩኽ በፈርዋኒያ ግዛት፣ ከኩዌት አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ሀሳዊ፣ አባሲያ የሚባሉት መንደሮች እዚያው ናቸው። ሕንዱ፣ ባንግላዴሹ፣ ግብፁ፣ ኢትዮጵያዊው አንድ ክፍል ለብዙ ተካፍሎ የሚኖርበት፣ ከማዳም ቤት የወጣች ልጅ አልጋ የምትከራይበት ሰፈር። በኤፕሪል 2020 ኮቪድ ሲገባ ማህቡላ ከተባለው ሌላ ሰፈር ጋር ለወራት ተዘግቶ ነበር። የአገሩ ጋዜጦች ስሙን የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጨናነቁና መንገድ ላይ ስለሚገነፍለው ፍሳሽ ነው።

ሆኖም ጅሊብ የቱንም ያህል ቢቆሽሽ የመንጠቆ ትል አገር አይደለም። መንጠቆ ትል (የላብራቶሪ ሰዎች ሁክወርም የሚሉት) እንቁላሉ ተፈልፍሎ እጭ እስኪሆን ድረስ እርጥብ፣ ሞቃትና ጥላ ያለው አፈር ይፈልጋል፤ ቀጥሎ ደግሞ በዚያ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው። የኩዌት አሸዋ ይህን አይሰጠውም። ስለዚህ ኩዌት ውስጥ የሚገኘው ትል በአመዛኙ በሰው ሆድ ተሳፍሮ የገባ ነው፤ እዚያም ዘር ሳይተካ አርጅቶ ይሞታል። ወስፋት አንድ ሁለት ዓመት፣ መንጠቆ ትል ጥቂት ዓመታት ይቆያል። ከጅማ ወይም ከወሎ ገጠር የሄደች ልጅ አንዲት ክኒን ሳትውጥ፣ አምስት ስድስት ዓመት ጅሊብ በመቀመጧ ብቻ ሆዷ ከእነዚህ ትሎች ሊጸዳ ይችላል። የጥያቄው መነሻም ይኸው ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከትል ጋር የኖረ የሰውነት መከላከያ፣ ትሉ ሲለየው ምን ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከተሠሩት ቀደምት ሥራዎች ዋነኞቹ ጅማ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1997 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በጅማ ከተማና በዙሪያው ገጠር 12,876 ሰዎችን አነጋገረ። አስም አለብኝ ያለው ከከተሜው 3.6 በመቶ፣ ከገጠሬው 1.3 በመቶ ነበር። እስከዚህ ድረስ የሚያስገርም ነገር የለም፤ ጭስና አቧራ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እንቆቅልሹ ቀጥሎ መጣ። በቤት አቧራ ውስጥ ለምትኖረው ረቂቅ ተባይ ቆዳቸው ሲፈተሽ አለርጂክ ሆነው የተገኙት በገጠር ይበዛሉ እንጂ አያንሱም። ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ቆዳ ያለው ሰው ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ገጠር ላይ ያው ቆዳ ያለው ሰው ደኅና ይተነፍሳል። አለርጂው አለ፣ በሽታው የለም። መካከል ላይ የገባ አንድ ነገር መኖር አለበት።

ከጅማ ሐኪሞች ጋር የሠራው የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲው የጆን ብሪተን ቡድን ተመልሶ መጣ። አሁን ሰገራም ተመረመረ። ውጤቱ በ2001 በዚያው በላንሴት ወጣ፤ መንጠቆ ትል ያለበት ሰው ደረቱ ሲር የማለት ዕድሉ ከሌለበት ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ግድም ወርዶ ተገኘ። በ2003 የወጣው፣ በጅማ ከአንድ እስከ አራት ዓመት የሆኑ 7,649 ሕፃናት ላይ የተሠራው ጥናት ደግሞ ወስፋት የበዛባቸው ልጆች ደረታቸው እምብዛም እንደማይታፈን አሳየ። በ2005 ቡታጅራ ላይ፣ ጌይል ዴቪና የማነ ብርሃኔ ከብሪተን ቡድን ጋር ሆነው፣ የመንጠቆ ትሉን ነገር በድጋሚ አገኙት።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ልብ ይሞቃል። ነገር ግን በዚያው በ2005 አብርሃም ኃይለአምላክና ባልደረቦቹ፣ እዚያው ጅማ ውስጥ፣ የቆዳ አለርጂ ያለባቸውን ልጆች ሲያጠኑ ተቃራኒውን አዩ፤ ጅራፍ ትል ያለበት ልጅ ለቆዳ አለርጂው የባሰ ተጋላጭ ነበር። ቡታጅራ ላይ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ እናቶችን ከእርግዝና አንስቶ፣ ልጆቻቸውንም ከተወለዱ በኋላ የተከታተለው ጥናት ሌላ ችግር ገጠመው። ልጆቹ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ትል ያለባቸው ጥቂት ብቻ ሆኑና ቁጥሩ ለንጽጽር አልበቃ አለ። ከአለርጂ መቀነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው የጨጓራ ባክቴሪያዋ ኤች ፓይሎሪ ሆነች። እንግዲህ «ትል አለርጂን ይከለክላል» የሚለው አባባል ከኢትዮጵያ የወጣ ቢሆንም፣ «የትኛው ትል፣ ስንት፣ በስንት ዓመት ዕድሜ፣ ለየትኛው በሽታ?» የሚለው ጥያቄም ከዚያው ከኢትዮጵያ ወጥቷል። ዓለም የመጀመሪያውን ይዞ ሮጠ።

ትሉ ይህን እንዴት ያደርገዋል የሚለው በመጠኑ የታወቀ ነው። መንጠቆ ትል ዓመታት ሙሉ የሰው አንጀት ግድግዳ ነክሶ የሚኖረው የሰውነት መከላከያው ስላላየው አይደለም። አይቶታል፤ ትሉ ግን የሚያረጋጋ ቅመም ይረጭበታል። ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የሚባሉት፣ ሌሎቹን ወታደሮች «ተው» የሚሉት ሴሎች ይበዛሉ፤ ኢንተርሉኪን 10 የተባለው አብራጅ ንጥረ ነገር ከፍ ይላል። ትሉ ራሱን ሲያድን ጎረቤቱንም ያድናል፤ ለአቧራ ሊቆጣ የነበረው ሳንባ፣ ለስንዴ ሊቆጣ የነበረው አንጀት አብሮ ይበርዳል። ግምቱ ይህ ነው።

የሚበርደው ግን ተገቢ ያልሆነው ቁጣ ብቻ አይደለም። ይህን ያሳዩትም ኢትዮጵያውያን ናቸው። ዳንኤል ኤልያስና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ሥራ ትል ያለባቸው ሰዎች ለቢሲጂ ክትባት የሚሰጡት ምላሽ ደካማ መሆኑን፣ የትል መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ግን እንደሚሻሻል አሳዩ። በ2002 ዳዊት ወልዳይና ቡድኑ ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ከትል ሲጸዱ በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን እንደሚቀንስ ጻፉ። በ2000 ደግሞ ገና ከኢትዮጵያ የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን የመረመሩ የእስራኤል ሳይንቲስቶች፣ ትል ያለባቸው ሰዎች መከላከያ ሴሎች በማያቋርጥ ውጊያ ዝለው፣ ለጥሪ የማይነሱ ሆነው አገኟቸው። መድኃኒት ሲሰጣቸው ነቁ። ኤባ አባተ ጎንደር ላይ ያካሄደውና በ2015 የወጣው ሙከራ ጉዳዩን ይበልጥ አጠላለፈው፤ ትልም ሳንባ ነቀርሳም ላለባቸው ሕሙማን አልቤንዳዞል ሲሰጥ ኢንተርሉኪን 10 ወረደ፣ የሳንባ ነቀርሳው አካሄድ ግን ለውጥ አላሳየም።

የቤተ እስራኤላውያኑ ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። ሰውነት የራሱን ቆሽት በሚያጠቃበት በዓይነት 1 ስኳር ላይ በእነሱ ማኅበረሰብ ውስጥ የተሠራ ጥናት፣ ከዘር በተጨማሪ የአዲሱ አገር ኑሮም ድርሻ እንዳለው በ2004 አመልክቷል። አገር መቀየር በሽታ ይቀይራል። ለጅሊብ ኢትዮጵያዊ በጣም የሚቀርበው ማስረጃ እስካሁን ይህ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው ስላለው ወገናችን እንዲህ ዓይነት ክትትል ቢኖር ኖሮ እሱን እጠቅስ ነበር።

አሁን ወደ ሙከራዎቹ። አሜሪካ፣ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆኤል ዋይንስቶክና ባልደረቦቹ የአሳማ ጅራፍ ትል እንቁላል መረጡ፤ በሰው አንጀት ውስጥ ብዙ አይቆይምና ደኅና ነው ብለው። በ2005 በወጣው ጥናታቸው ክሮንስ የተባለ የአንጀት ቁስለት ያለባቸው 29 ሰዎች በየሦስት ሳምንቱ 2,500 እንቁላል ጠጡ፤ በ24ኛው ሳምንት 23ቱ ተሻላቸው። ማወዳደሪያ ቡድን ግን አልነበረም። ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ ኩባንያ ተቋቋመ፤ 250 ሰው የገባበት ሙከራ ተደረገ። በ2013 ውጤቱ ሲወጣ እንቁላል የጠጣውና ባዶ ማስመሰያ የጠጣው ልዩነት አልነበራቸውም። የአውሮፓው ተጓዳኝ ሙከራም በዚያው ዓመት ተስፋ የለውም ተብሎ ቆመ። ከዚያ በፊት ውጤቱ በ2010 የወጣው፣ ዴንማርክ ውስጥ 100 የአፍንጫ አለርጂ ሕሙማን ላይ የተደረገውም ከንቱ ቀርቷል። ኖቲንግሃሞችም የጅማውን ግኝት ይዘው አስም ላለባቸው 32 ሰዎች አሥር አሥር የመንጠቆ ትል እጭ ሰጥተው ነበር፤ አልተሻላቸውም። ጅማ ላይ ያዩትን እንግሊዝ ላይ መድገም አቃታቸው።

ነርቭን በሚያጠቃው መልቲፕል ስክለሮሲስ ላይ ነገሩ ትንሽ ተስፋ አለው። አርጀንቲና ውስጥ በአጋጣሚ ትል የያዛቸው 12 ሕሙማን ከሌሎች 12 ጋር ሲተያዩ በሽታቸው ዝም ብሎ ቆየ፤ ኋላ አራቱ የትል መድኃኒት ሲወስዱ በሽታው ተነሣባቸው። በ2020 የወጣው የኖቲንግሃም ሙከራ 71 ሰዎችን ይዞ 25 እጭ ሰጠ። ተቆጣጣሪ ሴሎቹ ጨመሩ፤ ዋናው መለኪያ፣ በአንጎል የኤምአርአይ ምስል የሚታየው አዲስ ጠባሳ ግን በቁጥር ጎልቶ አልቀነሰም።

ሴሊያክን ረዘም አድርገን እንየው። በሽታው ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲበላ ሰውነት የገዛ አንጀቱን የሚያቆስልበት ነው። ተቅማጥ፣ መንፋት፣ ክሳት፣ ደም ማነስ፤ ልጅ ላይ ሲሆን የዕድገት መቀጨጭ። ሕክምናው አንድ ነው፤ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው። ለሙከራም ይመቻል፤ ቁጣውን የሚቀሰቅሰው ነገር የታወቀ፣ ተመዝኖ የሚሰጥ ነውና።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ትሉን ለጥናት ከተሸከመ ሰው ሰገራ ተወስዶ እጭ ይፈለፈላል፤ ይታጠባል፤ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ጥቂት እጭ ያለባት የውኃ ጠብታ በጨርቅ ላይ ተደርጋ ክንድ ላይ ትታሰራለች። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ያሳክካል፤ እጮቹ ቆዳውን እየበሱ ነው። በደም ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ በጉሮሮ ወደ አንጀት ይወርዳሉ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ እንቁላል በሰገራ ይታያል። ትሉ ሰው ሆድ ውስጥ ስለማይራባ ሃያ የሰጠኸው ሰው ከሃያ በላይ አይኖረውም፤ መጠን መወሰን ይቻላል።

አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ላይ ተሠርቶ በ2011 የወጣው የመጀመሪያው ሙከራ 20 ሰዎችን ይዞ ለአምስት ቀን በየቀኑ 16 ግራም ግሉተን አበላቸው። ትሉ አላዳናቸውም። አሌክስ ሉካስና ጆን ክሮስ ያሉበት ቡድን ቀጥሎ ሐሳቡን ገለበጠ፤ እንደ ዱብ ዕዳ ከማውረድ ቀስ ብሎ ማለማመድ ይሻላል አለ። 12 ሰዎች 20 እጭ ተሰጣቸው፤ ግሉተኑ ከ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በወራት ውስጥ በቀን ሦስት ግራም ደረሰ። የጨረሱት ስምንት ሰዎች ቻሉት። ትሉን በመድኃኒት እናውጣላችሁ ሲባሉም እምቢ አሉ። ጋዜጦች «ትል ስንዴ አስበላ» ብለው የጻፉት ያኔ ነው። ይህኛውም ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረውም። በ2020 የወጣው፣ 54 ሰዎች የገቡበት፣ ባዶ ማስመሰያ ያለው ሙከራ ግን እርጥብ እንጨት ሆነ፤ በየቀኑ ሁለት ግራም ግሉተን ሲበሉ ትሉ አላስቻላቸውም። የተረፈው ነገር ቢኖር አልፎ አልፎ ጥቂት ግሉተን ሲቀምሱ ትል ያለባቸው ሕመማቸው ቀለል ማለቱ ነው። ሆቴል በልቶ ሳያውቅ ስንዴ ለቀመሰ ሰው ይህም ጥሩ ነው፤ ሴሊያክን ዳነ ግን አያሰኝም።

በእኔ ግምት ሙከራዎቹ የወደቁት ጥያቄውን ስላሳነሱት ነው። ጅማ ላይ የታየው ከሕፃንነት ጀምሮ፣ ከብዙ ዓይነት ትልና ባክቴሪያ ጋር፣ በአፈር ላይ ያደገ ሰውነት ነው። ያንን በአሥር እጭ ለአርባ ዓመት እንግሊዛዊ ማዋስ አይቻልም። የቤት አሠራሩ ሲበላሽ ጣሪያውን ብቻ ማምጣት ነው። የሚሻለው ትሉ የሚረጨውን ቅመም ለይቶ መድኃኒት ማድረግ ነው፤ ሉካስና ባልደረቦቹም ወደዚያው ዞረዋል። በ2023 ያወጡት ሥራ ደግሞ ሌላ በር ከፍቷል፤ ለዓይነት 2 ስኳር የተጋለጡ ሰዎች ትሉን ሲሸከሙ ኢንሱሊን የተሻለ ሠርቶላቸዋል።

ኩዌታውያን ራሳቸው ለዚህ ጥያቄ ባዳ አይደሉም። ነዳጅ በ1946 ወደ ውጭ መላክ ከጀመሩ በኋላ ኑሯቸው በአንድ ትውልድ ተገለበጠ። ዓይነት 1 ስኳር በ1990ዎቹ በየዓመቱ ከ100,000 ሕፃናት 20 ያህሉን ይይዝ የነበረው ከ2011 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ወደ 42 ገደማ ደርሷል፤ ከዓለም ከፍተኞቹ አንዱ ነው። ትል ስለጠፋ ነው ማለት ግን ድፍረት ነው። የዘመድ ጋብቻ አለ፣ የፀሐይ ቫይታሚን እጥረት አለ፣ ምግቡ አለ።

ምግቡን ካነሣን፣ ጅሊብ ያለችው እህታችን የምትበላው ከአገሯ የተለየ ነው። ማዳም ቤት ጠዋትም ማታም ኹብዝ፣ መካሮኒ። ጤፍ ግሉተን እንደሌለው የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያ ፈትሸው በ2005 አረጋግጠዋል፤ ስደት ላይ የሚሸጥ እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ዱቄቱ የተደባለቀ ነው፤ የጤፍ እህል ከኢትዮጵያ እንዳይወጣ መከልከሉም ጤፉን አስወድዶታል። ስንዴ የተደባለቀበት እንጀራ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ዳቦ ነው። «እኛ ጤፍ በላተኞች ነን፣ ሴሊያክ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለውም አይሠራም፤ በሶውም፣ ቆሎውም፣ የገብስ ጠላውም ግሉተን አለበት። በሰሃራውያን ሕፃናት ላይ በ1999 የታተመ ጥናት 5.6 በመቶ ሴሊያክ አግኝቷል። አፍሪካዊ መሆን አላዳናቸውም።

አገር ቤት ደግሞ ትልን ማስወጣት እንጂ ማስገባት ታሪካችን አይደለም። ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ ለዚሁ ሲጠጡ ኖረዋል፤ ኮሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲ ድረስ ገብቷል። ጤና ሚኒስቴር በ2015 ብሔራዊ የተማሪዎች የትል መድኃኒት ዘመቻ ጀምሯል። ይህ ዘመቻ አስም ያመጣብናል ብሎ መሥጋት ይገባል? ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ላይ በእርግዝና ጊዜ አልቤንዳዞል የወሰዱ እናቶች ልጆች ላይ የቆዳ አለርጂ ጨምሮ ነበር። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ደጋግሞ መድኃኒት መስጠት ግን አለርጂ አልጨመረም። ለዘመቻው ያለኝ ድምፅ ይቀጥል ነው፤ ምክንያቱም የሂሳቡ ሌላ ወገን ከባድ ነው። አንድ የመንጠቆ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይመጥጣል። ሃያ ትል የተሸከመ አውስትራሊያዊ ይህን አይሰማውም። አምስት መቶ የተሸከመች ነፍሰ ጡር ግን በወር 450 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ የልገሳ ከረጢት ደም ታጣለች።

ጅሊብ ላለው አንባቢ የሚሆን ነገር ይህ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጥ ትል ወይም እንቁላል አትግዙ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣንም አልፈቀደውም። ስንዴ ሆዳችሁን የሚረብሻችሁ ከሆነ ከመተዋችሁ በፊት የሴሊያክ የደም ምርመራ ጠይቁ፤ ግሉተን ከተዉ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ያታልላል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። ከላይ ትሎች በእርጅና ይሞታሉ ብያለሁ፤ ስትሮንጂሎይደስ የተባለው ግን አይሞትም። ሰው ሆድ ውስጥ ራሱን እየተካ ከአገር በወጣችሁ ሠላሳ ዓመት በኋላም ሊኖር ይችላል፤ በተራ የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ለቆዳ አለርጂ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ሲጀመር ይህ ትል በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። መኖሪያ ወረቀት የሌላት እህት መንግሥት ክሊኒክ መግባት ስለሚቸግራት ከሰው ያገኘችውን ክኒን መዋጧ አይቀርም፤ ይህ እንዳይሆን። እንዲህ ያለ መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት የተወለዳችሁበትን አገር ለሐኪሙ ተናገሩ፤ የስትሮንጂሎይደስ የደም ምርመራ ወይም አይቨርሜክቲን እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ።